በቀብሪበያ ለሥራ ቀን እራት በፍም ስለሚጋገር ዶሮ

ከደጋ አገር ተሹሞ ወደ ቀብሪበያ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያው ወር ከጽሕፈት ቤቱ ሥራ ይልቅ የሚያስቸግረው የማታው ገበታ ነው። ከተማይቱ ከጅግጅጋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ከተከፈተባት ወዲህ፥ ተወላጁም ስደተኛውም ማገዶውን ከአንድ ዱር ስለሚለቅም ዛፉ እየራቀ ሄዷል። ውሃውም ከጀረር ሸለቆ በቧንቧ እስኪመጣላት ድረስ በቦቴ መኪና ይመላለስላት ነበር። እንዲህ ባለ አገር ዶሮ ወጥ ለበዓል እንጂ ለሥራ ቀን አይሆንም፤ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ስንት ከሰል እንደሚነድ፥ ሥጋውም ተደጋግሞ ሲታጠብ ስንት ውሃ እንደሚደፋ የቤት እመቤቶች ሁሉ ያውቁታልና።

የሚሻለው በፍም መጋገር ነው። ለዚህም የፈረንጅ ምድጃ አያሻም፤ ድፎ ዳቦ ከታችና ከላይ እሳት ተደርጎለት እንደሚበስል፥ ዶሮም በወፍራም የብረት ድስት እንዲሁ ይበስላል።

ዶሮዋ ቄብ ብትሆን መልካም ነው። እንቁላል ጥላ የጨረሰች አሮጌ ዶሮ ግን አስቀድማ ግማሽ ሰዓት ካልተቀቀለች ጥርስ አያሸንፋትም። ሥጋው በ8 ይከፈልና እስከ አጥንቱ ድረስ በቢላዋ ይተለተላል። 2 ማንኪያ ዘይት፥ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፥ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፥ ጨውና የአገሩ ሰዎች ሐዋሽ ከሚሉት ቅመም አንድ ማንኪያ ተቀላቅሎ ይታሻል። ሐዋሽ ማለት ከሙን፥ ድንብላል፥ ቁንዶ በርበሬ፥ ሄልና እርድ አንድነት የተፈጨ ነው፤ በእኔ አስተያየት ለዶሮ ከበርበሬያችን አያንስም። ከድስቱ ሥር ድንችና ሽንኩርት ተከትፎ ይነጠፍና ሥጋው በላዩ ይደረደራል። ከፍሙ ሲሶው ከታች፥ የቀረው በክዳኑ ላይ ይሁን፤ ከታች የበዛ እንደ ሆነ ሥሩ ያርራል፥ ላዩም ጥሬ ይቀራል። በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። የጭኑ መገጣጠሚያ ተወግቶ የሚወጣው ፈሳሽ ደም የሌለበት ጥሩ ውሃ ከሆነ በስሏል። ይህ ሁሉ በደጅ ይደረግ፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል።

ከምግቡ ይልቅ የሚከብደው የእንግዳው ነገር ነው። በአገራችን ልማድ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፥ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ከወረዳው ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ገበታ ለመቀመጥ የሚወድ ሹም፥ ሁለት ዶሮ ገዝቶ አንዱን በሙስሊም እጅ ያሳርድ፤ ድስቱም ጭልፋውም ቢላዋውም ይለይ። ሩዙ ግን ሥጋ ሳይነካው ከተቀቀለ ለሁሉም ይበቃል፤ እንደ አገሩም ወግ ሙዝ ይቅረብበት። ሽማግሌዎቹ ዶሮ የሚወዱ እንደ ሆነ አስቀድሞ በዘዴ መጠየቅ ይገባል። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ የተከበረው የግመልና የፍየል ሥጋ ነውና፥ በከተማ ያደገው ዶሮ ቢለምድም አባቱ ላይነካው ይችላል። ለእንዲህ ያለው እንግዳ ፍየል ይታረድ፤ ያ ግን የሥራ ቀን እራት አይደለም። ለኦርቶዶክስ ክርስቲያንም ዶሮ የሚበላበት የሥራ ቀን በፍስክ ወራት፥ ከበዓለ ሃምሳ በቀር፥ በአብዛኛው ሰኞ፥ ማክሰኞና ሐሙስ ነው።

ገበያ የሚሄደው አሽከር ክንፏን የጣለች፥ አንገቷ የተጣመመ ወይም አረንጓዴ ኩስ የምትጥል ዶሮ እንዳይገዛ ይታዘዝ። ፈንግል በገባበት ሰፈር ባለቤቱ ከመሞቷ በፊት ልሽጣት ብሎ በርካሽ ያወጣታል፥ በሽታውም ከገበያ ወደ ገበያ በዚሁ መንገድ ይዛመታል። ክትባቱ በቢሾፍቱ ባለው የብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም ይዘጋጃልና፥ ሹማምንቱ ለወረዳቸው በጊዜ ቢያስመጡ ብዙ ቤት ከዶሮ ባዶ አይቀርም። ላባውና ሆድ ዕቃውም ለጎረቤት ዶሮዎች ሳይጣል፥ ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቀበር።