የሶፍትዌር ደህንነት፦ በራስ መሣሪያ ወይስ በውጭ ድርጅት?

ለክፍያ መተግበሪያዎች ኮድ እጽፋለሁ። ሥራ አስኪያጆች ደጋግመው የሚያነሱልኝ ጥያቄ አለ፤ «የደህንነት መፈተሻ ይዘን ራሳችን እንሥራው ወይስ ለውጭ ድርጅት እንስጠው?» እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው ግን ክፍተት ሲገኝ ማን እንደሚዘጋው ነው።

የአሜሪካው የብድር መረጃ ድርጅት ኢኩዊፋክስ የደረሰበት ምክንያቴን ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በማርች 2017 አፓቼ ስትረትስ በተባለ ሶፍትዌር ላይ የተገኘ ክፍተት ከነማስተካከያው ይፋ ሆነ። ድርጅቱ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲስተካከል ለሠራተኞቹ መልእክት አስተላለፈ፤ በመፈተሻ መሣሪያም አስቃኘ። መሣሪያው ግን ተጋላጩን ሲስተም ሳያገኘው ቀረ። በሜይ ሃከሮች ገቡ። የሚገባና የሚወጣውን መረጃ የሚከታተለው ሌላ መሣሪያም ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፎበት ስለነበር ምንም አላየም። በጁላይ መጨረሻ ሰርተፊኬቱ ሲታደስ ጉዱ ወጣ፤ የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተጋልጦ ነበር። መሣሪያው ሞልቶ ሳለ፣ መሥራቱን የሚያረጋግጥ ሰው ታጣ።

ስለዚህ የዕለት ተዕለቱ ፍተሻ ከኛው ዘንድ ይሁን እላለሁ። ጂትሊክስ የተባለው መሣሪያ ኮድ ውስጥ የተረሳ የይለፍ ቃል ይፈልጋል፤ ትሪቪ የምንጠቀምባቸው ላይብረሪዎች የታወቀ ክፍተት ካለባቸው ያሳያል። ሁለቱንም ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል። ውጤታቸውም የጻፍኩት ነገር ከአእምሮዬ ሳይጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሰኛል።

መሣሪያ የማይደርስበት ነገር ግን አለ። ደንበኛ ቀሪ ሒሳቡን ሲያይ ከስልኩ ወደ ሰርቨሩ የሒሳብ ቁጥሩ ይላካል። አንዱ ተንኮለኛ የመጨረሻዋን አኃዝ ቀይሮ ቢልክና የሌላ ሰው ሒሳብ ቢመጣለትስ? ሰርቨሩ ያለ ስህተት መልስ ስለሰጠ ብዙ መሣሪያዎች ደህና ነው ብለው ያልፉታል። ይህን የሚጠረጥር ሰው ነው፤ በተለይ ኮዱን ያልጻፈ ሰው። ለዚህ የውጭ ባለሙያ መቅጠር ያዋጣል። ሌሊትና ቀን የሚደረግ ክትትልም እንዲሁ ነው፤ ሳምንት 168 ሰዓት ስላለው፣ አንድ ወንበር ብቻ ባዶ እንዳይሆን አምስት ያህል ሰው ያስፈልጋል። ትንሽ ቡድን ይህን አይችለውም።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ሪፖርቱ ችግሩን እንደገና ለማየት የሚያስችል ዝርዝር ይዞ በቀጥታ ለኮድ ጸሐፊው ይድረስ፤ ከተስተካከለ በኋላ ድጋሚ ይፈተሽ፤ ከኛ በኩል ማስተካከያውን የሚያስፈጽመው ሰው በስሙ ይጠቀስ። መረጃውን በአደራ የሰጠን ደንበኛ ፈታሹን አያውቀውም፤ የሚጠይቀው እኛን ነው።