ዲከረንስን ያገኘው ዋግ

የአዊ ገበሬ ዋግን የሚያውቀው ከስንዴ ማሳው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አካባቢ ግን በዚያው በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋጉ ዛፍ ላይ ወጣ፤ ያውም ዲከረንስ በሚባለው ዋትል ላይ። ቅጠሉ ቡናማ ነጠብጣብ ያዘ፣ ቀንበጡ ተጣመመ፣ ለጋው ተክል ቅጠሉን አራግፎ መድረቅ ጀመረ።

ዲከረንስ ለዚያ አገር ሰው ቀለብም ጥሪትም ነው። አሲዳማው አፈር እህል እምቢ ሲለው ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቆ ይቆርጥና ያከስለዋል፤ ከሰሉ አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ኮረብታው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ የተሸፈነው ለዚህ ነው፤ ለዋጉም የተመቸው ይኸው ነው።

በሽታው ዩሮሚክላዲየም አካሲዬ የሚባል ፈንገስ ሆኖ ተገኘ። አገሩ እንደ ዛፉ አውስትራሊያ ነው፤ ዛፉ ቀድሞ መጣ፣ ፈንገሱ ዘግይቶ ደረሰበት። ዱካውን ወደ ኋላ የሚከተል ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ደቡብ አፍሪካ፣ ክዋዙሉ ናታል ላይ ያገኘዋል፤ እዚያ የዲከረንስን ዘመድ ጥቁር ዋትልን በወረርሽኝ መታው። ከዚያም እ.ኤ.አ. ወደ 1988 ይወርዳል። ያኔ እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ ቅጠል ላይ ብቻ የሚታይ ቀላል ዋግ በሌላ ስም ተመዝግቦ ነበር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ዘረመሉን አመሳክረው ትክክለኛ ስሙን ሰጡት።

የዕፅዋት ጤና ስጋት ገምጋሚ የሚጠይቀው ይታወቃል፦ ይገባል ወይ? ይለምዳል ወይ? ይዛመታል ወይ? ምን ያህል ይጎዳል? በ1988 መዝገብ ቢመለስ ኖሮ የመጨረሻው መልስ «እምብዛም» በሆነ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ቀላል የተባለ ፈንገስ ሃያ አምስት ዓመት ተቀምጦ ወረርሽኝ ሆነ።

«ይገባል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚፈተነው ድንበር ላይ ነው፤ ሞያሌ ላይ ኢትዮጵያና ኬንያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የጋራ የፍተሻ ጣቢያ መርቀዋል። ለእንዲህ ያለው ዋግ እዚያ መፈተሽ ያለበት ከሰል አይደለም፤ እሳት ያለፈበት ነገር ዋግ አይሸከምም። ዋጉ የሚኖረው በለምለም አካል ነው፣ ስለዚህ ቅጠል ያለው ችግኝና ቅርንጫፍ ይታይ። ከሞያሌ እስከ ኬንያዋ ኢሲዮሎ ያለው ምድር በአብዛኛው ቆላና ደረቅ ነው፤ ደጋ ወዳዱ ዋትል አይበቅልበትም፣ ፈንገሱም መሸጋገሪያ ዛፍ አያገኝም። ችግኝ የጫነ መኪና ግን ያን ምድር በአንድ ቀን ያቋርጠዋል።