የሁለት ተጫዋቾችን ልዩነት በምን እንመዝን?

በአንድ የዕረፍት ቀን ደብረ ኤልያስ ውስጥ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቼዝ ሲጫወቱ ተመለከትን። ታላቁ ጨዋታው ሳይጀመር ንግሥቱን ከገበታው አንሥቶ ኪሱ ከተተ፤ ያም ሆኖ አሸነፈ። ታናሹ ተስፋ ቆርጦ ሊተወው ሲል፣ ታላቁ «ሌላ ምን ባነሣለት ነው እኩል የምንሆነው?» ሲል ጠየቀን።

ብዙዎቻችን ልዩነትን የምንለካው በአሸናፊነት ብዛት ነው። ይህ መለኪያ ግን ጫፉ ላይ ይደነዝዛል፤ ብዙ የሚበልጠውም እጅግ የሚበልጠውም 10 ለ 0 ያሸንፋሉ። በሚዛን ስንመዝን የምናየው ወደ አንዱ ወገን ምን ያህል እንዳዘነበለ አይደለም፤ እስኪስተካከል ድረስ በቀለለው ወገን ክብደት እንጨምራለን። ለደካማው የሚሰጥ ማካካሻም እንዲሁ ነው፦ ውጤቱ ግማሽ በግማሽ ሲሆን የተሰጠው ማካካሻ ራሱ የልዩነቱ ልክ ይሆናል።

ይህን ዘዴ እጅግ ያራቀቀው ከቻይና የመነጨው የጎ ጨዋታ ነው። 19 በ19 መስመር ባለው ገበታ ላይ ደካማው ከ2 እስከ 9 ጠጠር አስቀድሞ ያኖራል። በአማተሮች ዘንድ የአንድ ደረጃ ልዩነት በግምት አንድ ጠጠር ነው። የባለሙያዎቹ «ዳን» ግን ከ1 እስከ 9 ቢቆጠርም እርከኑ ጠባብ ነው፤ በቀድሞው ልማድ ሦስት ደረጃ አንድ ጠጠር ያህል ይገመት ነበር። ስለዚህ ባለ 9 ዳኑ ባለ 1 ዳኑን በስምንት ጠጠር ይበልጣል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

በእኛው ሰንጠረዥስ? የ9ኛውና የ10ኛው ክፍለ ዘመን የዐረብ ሊቃውንት፣ የጠጠሮቹ አካሄድ ከሰንጠረዥ ጋር በሚቀራረበው ጨዋታቸው፣ ደርን አንድ ድርሃም፣ ፈረስን ሁለት ሦስተኛ፣ ፈርዝን አንድ ሦስተኛ ገደማ ይተምኑ ነበር። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ስለምትሄድ ቀላል መመዘኛ ናት፤ የዛሬዋ የቼዝ ንግሥት ግን ዘጠኝ ወታደር ታወጣለች። የእኛ አባቶች ብልጫን የሚያሳዩበት ሌላም መንገድ ነበራቸው። በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍ ብዙም አያስመሰግንም፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ ማሸነፍ ግን ያስከብራል። ብርቱው በራሱ ላይ ሸክም ይጭናል ማለት ነው። ውበቱን እናደንቃለን፤ ለልኬት ግን አይመችም። በ«ወረራ» ጊዜ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ስለሚያንቀሳቅሱ፣ የእጅ ፍጥነትም ከዕውቀት ጋር ይቀላቀላል።

ለተማሪዎቹ የሰጠነው ምክር አንድ ነው፦ አትቸኩሉ። አቻ ውጤትን ብንተወው፣ ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች 10 ጊዜ ቢጫወቱ ታላቁ 7 ወይም ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉ 17 በመቶ ነው። ከ20 ጨዋታ 14 ወይም ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉ ግን ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ስንለያቸው ታላቁ ከንግሥቱ ሌላ አንድ ግንብ አንሥቶ ነበር፤ ታናሹም በደብተሩ ጀርባ የጨዋታ መቁጠሪያ መስመር ያሰምር ነበር።