የፈረስ ጉልበት በወረቀትና በዳገት፤ ከበርበራ እስከ ሀርጌሳ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ አባቶቻችን። በዘመናችን በወረቀት ላይ የሚጻፈው የሞተር ፈረስ ግን አንዳንድ ጊዜ ማድረስም ይሳነዋል። ይህን እንድንል ያበቃን በሀርጌሳ የመኪና ገበያ የተነሣ አንድ ክርክር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ ነጋዴ ወዳጃችን፣ በሀርጌሳና በበርበራ መካከል ሸቀጥ የምታመላልስለት ባለ ቱርቦ ፒክ አፕ ገዛ። ሻጩም መኪናዪቱ ከፍታው ከሀርጌሳ ጥቂት በሚበልጥ በሌላ አገር ከተማ ተመዝና 150 የፈረስ ጉልበት እንደ ተገኘባት የሚመሰክር ወረቀት አስረከበው። ገዢው በዚህ ቍጥር ተማምኖ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ከፈለ፤ የጭነቱንም ልክ በዚያው መሠረት ወሰነ። መኪናዪቱ ግን ዳገት ላይ እንደ ተነገረላት አልሆነችም። ወረቀቱ ለሽማግሌዎች እንዲነበብ ለትርጕም ወደ እኛ በመጣ ጊዜ፣ ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «የተለካው 125፤ ማስተካከያ 1.20» የሚል መስመር አገኘን። 125 በ1.20 ሲባዛ 150 ይሆናል። እንግዲህ 25ቱ ፈረሶች የወጡት ከሞተሩ ሳይሆን ከብዕር ነበር ማለት ነው። ሻጩ አታሏልን ወይስ ሳያውቅ ተሳስቷል? ይህን ለመፍረድ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የፈረስ ጉልበት የሚባለውን ስፍር ያወጣው በ18ኛው ምዕተ ዓመት የእንፋሎት ሞተር ያሻሻለው ጄምስ ዋት ነው። እርሱም አንድ ፈረስ በአንድ ደቂቃ 33,000 ፓውንድ ክብደት አንድ ጫማ ከፍ እንደሚያደርግ ቈጠረ። በሜትርና በኪሎ የሚሠሩት አገሮች ደግሞ 75 ኪሎ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ከፍ ማድረግን አንድ ፈረስ አሉት፤ የጃፓን መኪናዎች ወረቀት የሚከተለው ይህን ሁለተኛውን ነው። የሁለቱ ልዩነት ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ ስለማይሞላ ነጋዴን አይጎዳም። ጋስፓር ደ ፕሮኒ የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ በ1821 የሞተርን ዘንግ በፍሬን ጨምድዶ ጉልበቱን የሚለካበትን መሣሪያ ሠራ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ «የፍሬን ፈረስ» የሚሉት አነጋገር የመጣው ከዚሁ ነው።

በእንግሊዝ አገር በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ለቀረጥ ሲባል ሌላ ፈረስ ተፈጠረ። እርሱም የሲሊንደሮቹን ስፋትና ብዛት ብቻ አስልቶ የሚገኝ ስለ ነበረ፣ ከእውነተኛው ጉልበት ጋር የነበረው ዝምድና እየራቀ ሄዶ በ1940ዎቹ መጨረሻ ተሻረ። ስለዚህ «ይህን ያህል ፈረስ» ሲባል «የማን ፈረስ? የትስ ተለካ?» ብሎ መጠየቅ የቆየ ጥበብ ነው።

«የት?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ አገር ዋነኛው ነው። በርበራ በባሕር ጠረፍ ላይ ትገኛለች፤ ሀርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 ሜትር ትበልጣለች፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየር ደግሞ ከፍታ በጨመረ መጠን ይሳሳል። የሀርጌሳ የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ከመቶ 85 እጅ ያህል፣ የአዲስ አበባው 75 እጅ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚሁ ልክ ስለሚቀንስ፣ በባሕር ዳር 100 ፈረስ የነበረው በአዲስ አበባ ከ75 እምብዛም አይበልጥም። በርበራና ሀርጌሳን ስናነጻጽር ግን ሙቀትም መቈጠር አለበት። በክረምት ወራት የበርበራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የሞቀ አየርም የሳሳ ነው። ስለዚህ በዚያ ወቅት የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ከመቶ ወደ 10 እጅ ዝቅ ይላል።

ይህን የከፍታ ጕድለት ለመሙላት የሚረዳው አየርን አፍኖ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ መሣሪያ ነው። ጎትሊብ ዳይምለር በ1885 በሞተሩ ኃይል የሚዞር የአየር መጭመቂያ በስሙ አስመዘገበ፤ ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡኺ በ1905 በሚወጣው ጭስ ኃይል የሚሽከረከረውን፣ ዛሬ ቱርቦ የምንለውን አስመዘገበ። ከሁሉ የሚደነቀው ልክ የተወሰደው በ1918 ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። በባሕር ወለል 350 ፈረስ የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ 230 ብቻ ሆነ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ።

አየረኞች ከዚህ ትምህርት ወስደው ጉልበትን ከከፍታ ጋር ካልሆነ በቀር አይጠሩም። ነሐሴ 1940 ኢጣልያኖች ሀርጌሳን በያዙ ጊዜ በዚህ ሰማይ ይበር የነበረው የፊያት ተዋጊ አውሮፕላን ሞተር ስሙ «ኤ 74 አር ሲ 38» ነበር። በስሙ መጨረሻ ያለው 38 መጭመቂያው የሞተሩን ጉልበት እስከ 3,800 ሜትር ከፍታ እንደሚጠብቅ የሚያመለክት ነው። የሞተሩ ስም ራሱ ምስክር ወረቀቱ ነበር ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ክርክራችን እንመለስ። በደጋ የተለካን ቍጥር በማስተካከያ ማባዛት በራሱ ማታለል አይደለም። በተለያየ ከፍታ የተለኩ ሞተሮች በአንድ ሚዛን እንዲነጻጸሩ የታወቀ ሥርዐት አለው። ነገር ግን ሥርዐቱ በደንብ የሚስማማው አየርን በራሱ ለሚስብ ሞተር ነው። በቺንጋ የሚዞረው መጭመቂያም የሚያገኘውን አየር በተወሰነ እጥፍ ብቻ ስለሚያበዛ፣ የሳሳ አየር ካገኘ የሳሳ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከዚህ ሥርዐት ብዙ አይርቅም። ቱርቦ ግን አየሩ በሳሳ ጊዜ ፈጥኖ እየተሽከረከረ የጐደለውን በአብዛኛው ይሞላል። ያልጐደለን ነገር እንደ ጐደለ ቈጥሮ ማባዛት እንግዲህ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ መሸጥ ነው። የወዳጃችን መኪና ወደ በርበራ ብትወርድ ጥቂት ትጨምር ይሆናል እንጂ 150 አትደርስም። ደርሳለች ብንል እንኳ፣ ያ ቍጥር የሚያገለግለው በወደቡ ድንጋይ ላይ ነው። ጭነቱን ሀርጌሳ የሚያወጣው በደጋ የተለካው 125 ነው።

ቍጥር ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ ያሳስታል ማለትም አይደለም። የጃፓን ፋብሪካዎች ከ1989 እስከ 2004 ድረስ ከ280 ፈረስ በላይ የሆነ መኪና ላለማስታወቅ እርስ በርሳቸው ተስማምተው ነበር፤ ኒሳን ስካይላይን ጂ ቲ አርን የመሰሉት ግን በሚዛን ሲታዩ ከ300 በላይ ሆነው ይገኙ ነበር። ከዚህ ሌላ፣ በሞተሩ ዘንግ የተለካና በጎማው የተለካ አንድ አይደለም፤ ካምቢዮና ዲፈረንሻል በመካከል ከመቶ ከ10 እስከ 20 እጅ ይበላሉ።

መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ነጋዴ ዳገት ራሱ ሚዛን ሊሆነው ይችላል። መኪናውን ከነጭነቱ መዝኖ፣ የወጣበትን ከፍታ በሜትር አውቆ፣ የፈጀውን ጊዜ በሰከንድ መያዝ ነው። ለምሳሌ 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና ከበርበራ ወደ ቡርዖ በሚወስደው በሼኽ ዳገት 300 ሜትር ከፍታ በ120 ሰከንድ ወጣ እንበል። 2,000ን በ300 አባዝቶ፣ ለ120 ከዚያም ለ75 ሲካፈል 67 ፈረስ ያህል ይገኛል። ይህ ለነፋስና ለጎማ ሰበቃ የሚወጣውን ስለማይጨምር እውነተኛው ከዚህ ይበልጣል፤ ሁለት መኪናዎችን በአንድ ዳገት ለማነጻጸር ግን በቂ ነው። ይህም መንገዱ ባዶ ሲሆን በጥንቃቄ እንጂ በእሽቅድምድም አይደረግም።

በርበራ በ2021 አዲሱ የኮንቴይነር ወደብ ከተከፈተላት ወዲህ የመንገዱ ነገር ከበፊቱ ይበልጥ የሚያሳስብ ሆኗል። ስለዚህ የክቡራን ሹማምንትን አሳብ የምንጠይቀው፣ የመኪና ጉልበት የሚመሰክር ማናቸውም ወረቀት አምስት ነገሮችን በግልጽ እንዲይዝ ነው፤ ይኸውም የተለካበትን ቦታና ከፍታ፣ የዕለቱን ሙቀት፣ በዘንግ ወይም በጎማ መለካቱን፣ ሳይባዛ የተገኘውን ቍጥርና የተባዛበትን ልክ ነው። ይህ ለሻጭ አንድ መስመር ቀለም ነው፤ ለገዢ ግን የአንድ ዓመት ትርፍ ሊሆን ይችላል።

ሽማግሌዎቹም ሻጩ ሥርዐቱን ባለማወቅ እንጂ በተንኰል እንዳላደረገው ተረድተው፣ የ25ቱን ፈረስ ዋጋ እንዲመልስ ወሰኑ። መኪናዪቱ ዛሬ በ125ቱ ልክ እየተጫነች ትሠራለች፤ ዳገቱንም ያለ ክርክር ትወጣለች።