የወንጪ ዳገት ሀብት ነው

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ የጥንት እሳተ ገሞራ አናቱ ተደርምሶ በተፈጠረ ገደላማ ጎድጓዳ ውስጥ የወንጪ ሐይቅ ይገኛል። የተራራው ከፍተኛ ጫፍ 3,386 ሜትር ሲደርስ ሐይቁ ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ጎብኚው ከአፋፉ በፈረስ ወይም በእግሩ በእንሰት ጓሮዎች መካከል ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወዳለባት ደሴት በጀልባ ይሻገራል፤ ፍል ውሃና የማዕድን ውሃ የሚፈልቅበትን ሸለቆ አይቶ በሌላ አቅጣጫ ዳገቱን ይወጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ መውጣቱ ለከተማ ሰው ሳንባ ቀላል አይደለም። ይህን ድካም ብዙዎች የወንጪ ጉድለት አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን የአካባቢው ነዋሪ ከመዝናኛው ተጠቃሚ የሚሆነው በዋናነት በዚህ ዳገት ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

ለዚህ ምክንያቱ ቦታው የሚጎበኝበት ሁኔታ ነው። ሐይቅን ከአፋፍ ላይ ለማየት የማንም እርዳታ አያስፈልግም፤ ለመውረድና ለመውጣት ግን ፈረስ፣ ፈረሱን የሚስብ ሰው፣ መንገድ የሚያሳይ አስጎብኚ፣ ቀዛፊ ያስፈልጋል። የወንጪ ገበሬዎች ይህን አገልግሎት በማኅበር ተደራጅተው መስጠት የጀመሩት በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት በጂቲዜድ ድጋፍ ነበር። ፈረስ ደግሞ ለአካባቢው ኦሮሞ ለቱሪስት ሲባል የመጣ እንስሳ አይደለም፤ ለገበያም ለሠርግም ለለቅሶም ድሮም የሚጫን ነው። ስለዚህ አዲስ ሙያ መማር ሳያስፈልገው፣ እርሻውንም ሳይተው፣ ባለ ፈረሱ ባለው ነገር ገንዘብ ያገኛል። የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች መካከል ሲመርጥ የሸለመው መንደርን እንጂ ሆቴልን እንዳልነበረ ልብ ይሏል።

በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተካቶ መንገድና ሎጅ ተሠርቶለታል። መንገድ አያስፈልግም የሚል ሰው ነፍሰ ጡርን በቃሬዛ ተሸክሞ ያን አቀበት ያልወጣ ሰው ነው፤ ድንች ወደ ገበያ የሚያወጣውም ገበሬ መንገዱን ይፈልጋል። ተቃውሞዬ ከአስፋልቱ ጋር አይደለም። ጎብኚው በመኪና እስከ ውሃው ጠርዝ ደርሶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ምሳውን በልቶ ቢመለስ ግን ከጉዞው ወጪ አብዛኛው በነዳጅ ማደያና በሎጅ ሒሳብ ያልቃል። ፈረሱ ቆሞ ያየዋል። መኪና አፋፉ ላይ የሚቆምበት፣ ከዚያ በታች ያለው መንገድ ለነዋሪው፣ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚተውበት ሥርዓት ግን መንገዱንና የባለ ፈረሱን ገቢ ያስታርቃል።

በማኅበሩ አሠራር ላይ ሁለት ቅሬታዎች ሊነሱ ይችላሉ። አንደኛው ሥራ በተራ ሲከፋፈል ጎብኚው የሚፈልገውን ሰው ወይም ፈረስ መምረጥ አይችልም፤ ጎበዙም ሰነፉም እኩል ይሠራል የሚል ነው። እውነትነት አለው። ነገር ግን ተራ ሲቀር የሚተካው የጥራት ውድድር ብቻ አይደለም፤ መኪና በቆመ ቁጥር ከቦ መጓተትና ዋጋ መሰባበርም ይመጣል። ሰነፉን ከተራው ማገድ ተራውን ራሱን ከማፍረስ ይቀላል። ሁለተኛው የፈረሶቹ ጉዳይ ነው፣ ይህኛው ይበልጥ ያሳስባል። ገጣባ ጀርባ ላይ ኮርቻ መጫን፣ ትንሽ ፈረስ ላይ ከባድ ሰው ማውጣት በየትኛውም ማኅበር ስም ይቅር የሚባል አይደለም። መፍትሔውም ውድ አይደለም፦ የክብደት ገደብ፣ የዕረፍት ቀን፣ ከመጫኑ በፊት ጀርባውን የሚያይ ሰው። ፈረሱን ከሥራ ማስወጣት ግን የሚያሳርፈው አይመስለኝም፤ ገቢ የማያመጣ ፈረስ ጋሪ ይጠብቀዋል።

ከወንጪ ብዙም በማይርቀው ደንዲ፣ በጠባብ ወሽመጥ የተገናኙ መንትያ ሐይቆች አሉ። እዚያም ፈረስና ገበሬ ስላለ መኪናው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ነው።

እናም ወንጪ የምትሄዱ ሰዎች፣ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ሂዱ፤ ብርዱ አይጨክንም አይባልምና ጃኬት ያዙ። መኪናውን አፋፉ ላይ አቁሙት። አስጎብኚ ከመንደሩ ውሰዱ፣ ክፍያውን በተተመነው ዋጋ ፈጽሙ፣ የፈረሱን ጀርባ ሳታዩም አትውጡበት።