ቀለሙ ወረቀቱን ሲበላ

ኩንታ ኪንቴን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። አሌክስ ሄይሊ በ1976 ባሳተመው «ሩትስ» መጽሐፉ ማብቂያ ላይ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በባርነት ስለመጣው ቅድመ አያቱ ስለ ኩንታ ከአያቱ አፍ የሰማውን የዘር ታሪክ በወረቀት ለማረጋገጥ የዞረውን ዙረት ይተርካል። ዙረቱ ሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ አደረሰው። እዚያም የስፖትሲልቬንያ ካውንቲን የርስት ውሎች በማይክሮፊልም ሲያገላብጥ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1768 የተጻፈ ውል አገኘ። ጆን ዋለር ለዊልያም ዋለር መሬትና ንብረት ያስተላልፋል፤ ከንብረቱም መካከል ቶቢ የሚባል አንድ ባሪያ አለ። ሄይሊ፣ ጌቶቹ ቶቢ ያሉት ኩንታ ይህ ነው ብሎ አመነ።

መጽሐፉ በታተመ በ5ኛው ዓመት ጋሪና ኤልዛቤት ሚልስ የተባሉ የዘር ሐረግ አጥኚዎች ያንኑ የካውንቲ መዝገብ ገለጡ። ኩንታን አመጣች የተባለችው ሎርድ ሊጎኒየር መርከብ አናፖሊስ የደረሰችው በ1767 ነው። ቶቢ ግን ከመርከቧ በፊት በዋለሮች ቤት እንደነበረ የሚያሳዩ ሰነዶች ወጡ። እናም ለሄይሊ ቅድመ አያቱን የሰጠው መዝገብ መልሶ ነጠቀው።

ስለዚህ ክርክር ብዙ ተጽፏል፤ አልጨምርበትም። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ለመሬት ጉዳይ የጻፈው ወረቀት ከ200 ዓመት በኋላ ሰው እስኪያሟግት ድረስ እንዴት ቆየ? ወረቀቱን የሚያጠፋው ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በራሱ በጽሑፉ ውስጥ ነበርና።

ካውንቲ ማለት የእኛን ወረዳ የሚመስል አስተዳደር ነው። ቨርጂኒያ በ1634 በስምንት ስትከፈል እያንዳንዱ የየራሱን ፍርድ ቤት ያዘ፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም የመሬት ውሉን፣ ኑዛዜውን፣ የጋብቻ ዋስትናውን፣ የሟች ንብረት ቆጠራውን በወፍራም ጥራዝ ይገለብጥ ነበር። በኢስትቪል ከተማ የሚገኘው የኖርዝሃምፕተን ካውንቲ መዝገብ ከክፍፍሉም በፊት፣ ከ1632 ጀምሮ ሳይቋረጥ የቆየ ነው፤ በአሜሪካ በዚህ ረገድ የሚቀድመው የለም። ጸሐፊዎቹ ስለ ልጅ ልጆች አላሰቡም። ያሰቡት ነገ ሊነሣ ስለሚችል የድንበር ክስ ነው።

ለነጭ ቤተሰብ ይህ መዝገብ ከብዙዎቹ ምንጮች አንዱ ነው። ለጥቁር አሜሪካዊ ግን ብዙ ጊዜ ብቸኛው ነው። በ1850ና በ1860 የሕዝብ ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች ከባለቤታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በፆታና በቆዳ ቀለም ብቻ ተመዝግበዋል፤ ስም አልተጻፈላቸውም። አብዛኛዎቹ በፌዴራሉ ቆጠራ ስማቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈረው በ1870 ነው። የዘር ሐረግ ፈላጊዎች «የ1870 ግድግዳ» ይሉታል። ግድግዳውን ለመሻገር መፈለግ ያለበት የባለቤቱ ሞት ነው። ባለቤቱ ሲሞት ገማቾች ይመጣሉ፤ ላሚቱን፣ የብረት ድስቱን፣ አልጋውን ይቆጥራሉ፤ ከዚያው ተርታ ሃና፣ ቶቢ፣ ሞሰስ እያሉ ከነዋጋቸው ይጽፋሉ። አንዳንዴ «ሃና ከነሕፃኗ» ይላል። የልጅ ልጅ ልጇ ዛሬ የሚፈልገው ይህችን አንዲት መስመር ነው። ሰውን ከዕቃ የቆጠረ ወረቀት ሰው መሆኑን የሚያስመሰክር ብቸኛ ወረቀት ሆኖ መቅረቱ ያሳምማል፤ ግን እንዲህ ነው።

አገራችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ትላለች። የቨርጂኒያ መዛግብት የሚያሳዩት ግን በጽሑፍ ያለውም ሊጠፋ እንደሚችል ነው። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሳት ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በርካታ ካውንቲዎች መዛግብታቸውን ለደኅንነት ብለው ወደ ሪችመንድ ላኩ። ኤፕሪል 3 ቀን 1865 ሪችመንድ ስትለቀቅ ከተማዋ ተቃጠለች፤ መዛግብቱም አብረው ነደዱ። የሃኖቨር ካውንቲ አሮጌ ፍርድ ቤት ዛሬም በጡብ ግድግዳው ቆሟል፤ ለጥንቃቄ ከውስጡ የወጣው መዝገብ ግን አብዛኛው አመድ ሆነ። በዘር ሐረግ ፈላጊዎች ዘንድ እንዲህ ያሉት «የተቃጠሉ ካውንቲዎች» ይባላሉ። ከ1782 ጀምሮ በየዓመቱ ለግዛቲቱ መንግሥት የሚላክ የግብር ዝርዝር ባይኖር ኖሮ እዚያ የነበሩ ቤተሰቦች ዱካ ጨርሶ በጠፋ ነበር።

እሳት ግን አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል፤ ስሙም ይነሣል። ዝም ብሎ፣ ያለ ጭስ የሚበላው ቀለሙ ነው።

የዚያን ዘመን ጸሐፊዎች ቀለም እንዲህ ይሠራ ነበር። ትንሽ ተርብ በኦክ ዛፍ እምቡጥ ላይ እንቁላሏን ስትጥል ዛፉ ዙሪያውን እንደ ብይ የከበበ እባጭ ያበቅላል። እባጩ በሻይ ውስጥ አፍን የሚያኮማትረው የታኒን ዘመድ በሆኑ ንጥረ ነገሮች የተሞላ ነው። ተወቅጦ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ የብረት ሰልፌት ይጨመርበታል፤ እንዲወፍርና ከወረቀቱ እንዲይዝ የግራር ሙጫ ይገባበታል። ሲጻፍ ገርጣ ያለ ነው። አየር ሲያገኘው ብረቱ ከኦክሲጅን ጋር ይዋሐድና ይጠቁራል፤ ከወረቀቱ ጭረት ውስጥም ስለሚገባ ታጥቦ ወይም ተፍቆ በቀላሉ አይለቅም። ለሕግ ሰነድ የተመረጠው ለዚህ ነው፤ የማይፋቅ ውል ማን ይጠላል?

ችግሩ የመጣው ከዚያው ጥንካሬ ነው። ብረቱና ታኒኑ ሲገናኙ ሰልፈሪክ አሲድ ይወጣል። ወረቀት የሴሉሎስ ሰንሰለቶች ጥርቅም ነው፤ አሲዱ ከእርጥበት ጋር ሆኖ የሰንሰለቱን ቀለበት አንድ በአንድ ይበጥሳል። ክፋቱ አሲዱ በሥራው አያልቅም፤ አንዱን በጥሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የቀለም አሠራሮች ከሚያስፈልገው በላይ ብረት ያስጨምሩ ነበር፤ ከታኒን ጋር ያልተጣመረው ትርፍ ብረት ኦክሲጅን ወረቀቱን እንዲያቃጥል ያፋጥነዋል። ይህ ያለ ነበልባል የሚካሄድ ቃጠሎ ነው። መጀመሪያ በጽሑፉ ዙሪያ ቡናማ ጥላ ይታያል። ቀጥሎ ጽሑፉ በገጹ ጀርባ ይወጣል። በመጨረሻ ወፍራም የተጻፈው ፊደል ተነቅሎ ይወድቅና በቅርጹ የተቆረጠ ቀዳዳ ይቀራል። «ሃና» የሚለው ስም በቀዳዳ ተጽፎ ይነበባል ማለት ነው፤ ያውም ገጹን የሚገልጠው ሰው እጁ ቀላል ከሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ ከማንም ጋር አይጣላም፣ አሲድም አያወጣም። በዚህ የተነሣ ብራናው በውኃ፣ በአይጥ ወይም በጭስ ይጎዳ ይሆናል እንጂ በገዛ ፊደሉ አይበሳም። በወንጌሎቻችን ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የተጻፉ የጉልት ስጦታዎችና የርስት ውሎች ለዘመናት ጥቁር እንደሆኑ የቆዩት በከፊል ለዚህ ነው። የቨርጂኒያውን ጸሐፊ ግን ብረቱ አሳሳተው።

ወረቀቱስ? እዚህ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አሮጌው ወረቀት ከአዲሱ ይሻላል። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ ወረቀት የሚሠራው ከተልባ እግርና ከጥጥ ጨርቅ ብጣሽ ነበር፤ ጭረቱ ረጅምና ጠንካራ ነው። በ1844 ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ኬለር እንጨት ፈጭቶ ወረቀት ማውጣት ቻለ። ወረቀት ረከሰ፤ ጭረቱ ግን አጠረ፣ ቀለም እንዳይሰርግበት የሚደባለቀው አሉምም አሲድ ጨመረበት። እናም የ1750 ኑዛዜ ታጥፎ ሲዘረጋ፣ የ1900 ደረሰኝ እንደ ደረቅ ቂጣ ሊሰበር ይችላል።

ይህን አደጋ ለሕዝብ ካሳወቁት ሰዎች ዋነኛው ራሱ የቨርጂኒያ ሰው ነበር። ዊልያም ባሮው (1904–1967) ሰነድ አዳሽ ሲሆን፣ የመጻሕፍት ወረቀት በአሲድ ምክንያት እየሞተ መሆኑን የሚያሳይ ጥናቱን በ1959 አወጣ፤ ከዚያ በኋላ አሲድ አልባ ወረቀት የማምረት ነገር ተጠናከረ። ባሮው ግን ከዚያ በፊት፣ በ1930ዎቹ፣ ሌላ ሥራ ጀምሮ ነበር። የተሰባበረውን ገጽ በሁለት ስስ የሴሉሎስ አሲቴት ፕላስቲኮች መካከል ያደርጋል፤ ከላይና ከታች ስስ ወረቀት ይጨምራል፤ ከዚያ በጋለ መጭመቂያ ውስጥ ያሳልፈዋል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከገጹ ጋር ይጣበቃል። የተበጣጠሰው መዝገብ እንደገና የሚገለጥ መጽሐፍ ሆነ። የካውንቲ ጸሐፊዎች ደስታ ይገባኛል። ጥራዞቻቸውን እየላኩ አሳደሱ።

ዘመን ሲሄድ ሴሉሎስ አሲቴትም መፈራረስ ጀመረ። ሲፈርስ የሚለቀው አሴቲክ አሲድ ነው፤ ኮምጣጤ ማለት ነው። ባሮው ኋላ ላይ ገጹን ከመለበጡ በፊት አሲዱን በካልሲየም ውኃ ማጠብ ጀምሯል፤ ሳይታጠቡ የተለበጡት ግን የራሳቸው አሲድ ከውስጥ ታፍኖ፣ የፕላስቲኩ አሲድ ከላይ ተጨምሮ ቀሩ። ዛሬ የሰነድ ሐኪሞች ገጹን አሴቶን ውስጥ ደጋግመው እየዘፈዘፉ ፕላስቲኩን ያሟሙታል፤ የተጣበቀውን ስስ ወረቀት ቀስ ብለው ይልጣሉ። አድካሚና ውድ ሥራ ነው። ባሮውን ግን ልወቅሰው አልችልም፤ እሱ ባይኖር ኖሮ አንዳንዱ ገጽ አሴቶን እስኪደርስለት ድረስ ባልቆየ ነበር። ሙያው ከዚህ የተማረው ነገር ግልጽ ነው፤ መልሶ ሊፈታ የማይችል እድሳት በሰነድ ላይ አይሠራም። በየቤታችን ግን ዲፕሎማና የልደት ካርድ «እንዳይበላሽ» ብለን ላሚኔት እናስደርጋለን። በሙቀት የሚቀልጠው ሙጫ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ አንድ አካል ይሆናል። የአባትዎ የርስት ደረሰኝ ካለዎት፣ እባክዎ፣ ላሚኔት ከሚያደርገው ሱቅ ያርቁት። አሲድ የሌለው ማኅደርና ደረቅ፣ ጨለማ ቦታ ይበቃዋል።

የብረት ቀለም ሕክምናም ተገኝቶለታል። በእህል ፍሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ብረትን አጥብቆ ስለሚይዝ ከጤፍና ከስንዴ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ ያደርጋል ተብሎ በሥነ ምግብ ባለሙያዎች ይታማል። በ1990ዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጠባይ ለወረቀት ጥቅም አዋሉት፤ ገጹ በካልሲየም ፋይቴት ውኃ ሲታጠብ ትርፉ ብረት ይታሰራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ካልሲየም ባይካርቦኔት አሲዱን ያመክናል። ለደበዘዘ ጽሑፍም መላ አለ፤ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ወረቀቱ ሲያበራ የብረት ቀለሙ ብርሃኑን ይውጥና ጨለማ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል። ቨርጂኒያ መላ አበጅታለች። ዛሬ ሰው የመሬት ውል ሲያስመዘግብ ከሚከፍለው ላይ ጥቂት ለአሮጌ መዛግብት ማደሻ ይቀነሳል። ቤት የገዛ ሰው ሳያውቀው የሃናን መስመር ያስጠግናል ማለት ነው።

ሁሉንም ገጽ ማከም ስለማይቻል ቅጂ የማብዛቱ ሥራ ቀደም ብሎ ነው የተጀመረው። የዩታው የዘር ሐረግ ማኅበር ማይክሮፊልም ማንሣት የጀመረው በ1938 ነው። ዋና ቅጂዎቹ ሶልትሌክ ሲቲ አጠገብ በግራናይት ተራራ ሆድ ውስጥ በተፈለፈለ ዋሻ ተቀመጡ፤ 2.4 ሚሊዮን ገደማ የሆኑት ጥቅሎች ወደ ዲጂታል መገልበጣቸው በ2021 ተጠናቀቀ። እኛም የዚህ ዓይነት ዕድል ደርሶናል፤ በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተው ቅጂያቸው ሚኒሶታ ይገኛል። በኅዳግ የተጻፉት የርስት ውሎችም ከመጻሕፍቱ ጋር አብረው ተነሥተዋል።

ፎቶ ማንሣት ግን ስም ማግኘት አይደለም። በካውንቲ መዝገብ ማውጫ ላይ የሚሰፍሩት ሻጭና ገዥ ብቻ ናቸው። የተሸጠው ሰው በገጹ ላይ እንጂ በማውጫው ላይ የለም፤ እሱን ለማግኘት ጥራዙን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግድ ነበር። በ2024 ያው የዩታ ተቋም የእጅ ጽሑፍን ራሱ የሚያነብ ኮምፒውተር በአሜሪካ የመሬትና የውርስ መዛግብት ላይ አሠማራ። አሁን ሰው ቤቱ ተቀምጦ «ስፖትሲልቬንያ» እና «ቶቢ» ብሎ መጻፍ ይችላል። ቶቢ በዚያ ዘመን የተለመደ የባሪያ ስም ነበር። የትኛው ቶቢ የማን አባት እንደሆነ ለመለየት አሁንም ገጹን መክፈት፣ ከላይና ከታች የተዘረዘሩትን ላምና ድስት፣ የገማቾቹን ስምና የጎረቤቱን ድንበር አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ቀለሙ ያስተረፈውን ያህል።