የድሮ ላንድክሩዘር ጎማ፦ ዕድሜው፣ ልኩና ንፋሱ

“የነርሲንግ ተማሪ ስለ ጎማ ምን አገባት?” እንደምትሉ አውቃለሁ። ነገሩ ግን ወደ ሙያዬ ቅርብ ነው። እነዚህ የድሮ መኪኖች ኤርባግ የላቸውም፣ ቁመታቸው ረጅም ነው፣ በፍጥነት ላይ ሳሉ ጎማ ከፈነዳ የመገልበጥ ዕድላቸው ከዘመናዊ አነስተኛ መኪና ይበልጣል። ቀጥሎ ያለው ታሪክ የሚያልቀው ድንገተኛ ክፍል ነው።

እኛ ቤት ያለው እ.ኤ.አ. የ1974 ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍ ጄ 40 ነው። ይህ ሞዴል ከ1960 እስከ 1984 ተመርቷል። አባቴ በወጣትነቱ ኢትዮጵያ ውስጥ የነዳው ዓይነት ስለሆነ፣ እዚህ ሲያገኘው እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነው የገዛው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ቁልፉን መጠየቅ ጀምሯል። ስለዚህ ጎማውን ለመቀየር ስንወስን ብዙ ተከራከርን፣ ብዙም ተማርን። የተማርነውን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ዕድሜውን አንብቡ

ከመኪናው ጋር የመጡት ጎማዎች ጥርሳቸው ጥልቅ ነበር። አባቴም “እኮ አልተነኩም፣ ለምን ይጣላሉ?” አለ። የጎማ ዕድሜ ግን በጥርስ ብቻ አይለካም። የጎማው ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፤ አየርና ፀሐይ ያደርቁታል፣ ውስጡ ያሉት ንብርብሮችም መላቀቅ ይጀምራሉ። የድሮ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ስለሚቆም ችግሩ የሚብሰው እሱ ላይ ነው፤ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል።

በጎማው ጎን “ዲ ኦ ቲ” ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች ፈልጉ። 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። መጨረሻው ሦስት ቁጥር ብቻ ከሆነ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ጥያቄ የለውም፣ ይውጣ። ብዙ የመኪና አምራቾች ከ6 ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ የጎማ አምራቾች ደግሞ ጥርሱ ምንም ቢመስል ከ10 ዓመት እንዳያልፍ ይላሉ። የእኛዎቹ የ2005 ነበሩ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። መለዋወጫ ጎማውንም ማየት አትርሱ፤ ከሁሉ የሚያረጀው እሱ ነው።

ትልቅ ጎማ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም

ወንድሜ 33 ኢንች ጎማ ነበር የፈለገው። ስፋቱ ለፎቶ ያምራል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። የፋብሪካው ጎማ ቁመት 29 ኢንች ገደማ ነው። ወደ 33 ሲወጣ ዙሪያው 14 በመቶ ያህል ያድጋል፤ የፍጥነት መቁጠሪያው 60 ማይል ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው 68 ገደማ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ዳገት ላይ ይደክማል፣ ጎማው ኩርባ ላይ ፓርፋንጎውን ሊነካ ይችላል። ከሁሉም በላይ ፍሬኑ ከባድ ጎማ ማቆም ይኖርበታል፤ የእኛ መኪና ደግሞ በአራቱም እግር የታምቡር ፍሬን ነው ያለው።

ሌላው የቸርኬ ጉዳይ ነው። ኤፍ ጄ 40 በስድስት ቡሎን የሚታሰር ቸርኬ አለው፤ የቡሎኖቹ ክብ 139.7 ሚሊሜትር ነው። የፋብሪካው ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ስፋት ግን 5.5 ኢንች ብቻ ነው። በስፋት የተለመደው 31 በ10.50 ጎማ ከ7 እስከ 9 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ከታሰረ መሃሉ ያብጥና ጠርዙ መሬት በደንብ አይነካም። ስለዚህ 31 ጎማ ከ7 ኢንች የብረት ቸርኬ ጋር መረጥን። ወደ ውጭ በጣም የሚወጣ ቸርኬም አትግዙ፤ ኩሽኔታውንና መሪውን ያስጨንቃል።

የድሮ ላንድሮቨር ወይም ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ላላችሁ፣ የድሮው 7.50-16 ልክ በ235/85 አር 16 ሊተካ ይችላል፤ ቁመታቸው ሁለቱም 32 ኢንች ገደማ ነው። የድሮ ዓይነት ጎማና ራዲያል ግን አታቀላቅሉ። ኩርባ ላይ የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ነው። በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ አራቱም አንድ ልክና አንድ ዓይነት ይሁኑ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ የድሮ ቸርኬዎች ጎማውን የሚይዙት በሚነቀል የብረት ቀለበት ነው። ሲነፋ ቀለበቱ በትክክል ካልገባ እንደ ጥይት ሊወረወር ይችላል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ የከባድ መኪና እንዲህ ያለ ጎማ በብረት ማገጃ ውስጥ እንዲነፋ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። እናንተም በቤታችሁ አትንኩት፤ ለሚያውቅ ጎሚስታ ስጡት።

ንፋሱ እንደ ደም ግፊት ነው

የታካሚን የደም ግፊት ከመለካታችን በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ እንዲያርፍ እናደርጋለን። ጎማም እንዲሁ ነው፤ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ነው። ከተነዳ በኋላ ቁጥሩ ይጨምራል፤ ያን አይታችሁ ንፋስ አታውጡ። ቅዝቃዜ ደግሞ ይቀንሰዋል፦ አየሩ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ሲቀዘቅዝ 1 ፒ ኤስ አይ ያህል ይወርዳል። ጥቅምት ላይ የሞላችሁት ጎማ ጥር ላይ የጎደለው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ስንት ይሞላ? በጎማው ጎን የተጻፈው ቁጥር ጎማው ትልቁን ጭነት ሲሸከም የሚፈልገው ነው እንጂ ለእናንተ መኪና የታዘዘ አይደለም። በእኛ ጎማ ላይ 50 ተጽፏል፤ በዚያ ግፊት አንዱ ጎማ ከ2,200 ፓውንድ በላይ ይሸከማል። የእኛ መኪና ግን በአንድ ጎማ ላይ የሚያሳርፈው 1,000 ፓውንድ ገደማ ነው። 50 ብንሞላ መኪናው እንደ ኳስ ይነጥራል፣ የጎማው መሃል ብቻ ያልቃል።

ትክክለኛውን ለማግኘት ጠመኔ በቂ ነው። በጎማው ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም መስመር አስምሩና በደረቅ አስፋልት ላይ ቀጥ ብላችሁ ትንሽ ንዱ። መሃሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል፤ ዳር ዳሩ ብቻ ከጠፋ አንሷል። እኩል ሲጠፋ ደርሳችኋል። እኛ 28 ላይ ነው ያገኘነው።

አሸዋ ላይ ለምትነዱ፣ በተለይ ዱባይና ሪያድ ላላችሁ፣ ንፋሱን ወደ 15 ገደማ ማውረድ መሬት የሚነካውን ክፍል ስለሚያስረዝመው መኪናው አይሰምጥም። ከዚያ በጣም ካወረዳችሁት ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል፤ በሹል ኩርባም አትዙሩ። ወደ አስፋልት ከመመለሳችሁ በፊት ደግሞ የግድ ሙሉት። ንፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፤ የሚፈነዳውም በዚያ ሙቀት ነው። መንፊያ ሳትይዙ ንፋስ አታውጡ።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ፣ የራሳችሁም ይሁን የአባታችሁ መኪና፣ በእጅ ባትሪ አራቱን ቁጥሮች አንብቡ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቸር ሰንብቱ!